ሲጋራ ትቼ ቬፕ ጀመርኩ፣ ልቤ ትር ትር ይላል፦ ወደ ደሜ የሚገባው ኒኮቲን ስንት ነው?

የሌሊት ሹፌር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች። ለብዙ ዓመት በቀን አንድ ፓኮ አጨስ ነበር። ልጅ ስንወልድ ሲጋራውን እርግፍ አድርጌ ትቼ ወደ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ዞርኩ። የምገዛው ሲያልቅ የሚጣለውን ነው፤ ካርቶኑ ላይ 5%፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ «ኒኮቲን ሶልት» ይላል። ሐራራዬን ይቆርጥልኛል። ግን ልቤ ትር ትር ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ነድቼ ጠዋት ጋደም ስል እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አንዱ የሥራ ጓደኛዬ «5% ምን አላት፣ የቀረው ውኃ ነው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ሳንባህ ውስጥ እያቆየኸው ነው የጎዳህ» ይላል። ከአንድ ፓኮ ጋር ሲነጻጸር ስንት ኒኮቲን ነው የሚገባኝ? የሚገባውስ በአፍ ነው በሳንባ? ቡናዬን እንደ ድሮው ነው የምጠጣው፤ ሌላ የተቀየረ ነገር የለም።

ፋርማሲስቷ

እንኳን ሲጋራውን ተውክ ወንድሜ። ካንሰር አምጪው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይዱ በብዛት የሚመጡት ትምባሆው ሲነድ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈውን አንብበህ ወደ ሲጋራ እንዳትመለስ።

5% ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ኒኮቲን አለ ማለት ነው። ያንተ 10 ሚሊ ሊትር እንግዲህ 500 ሚሊ ግራም ይዟል። የቀረውም ውኃ ሳይሆን ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪንና ማጣፈጫ ነው። አንድ ሲጋራ በውስጡ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን ቢኖረውም አብዛኛው ከጭሱ ጋር በአየር ላይ ይቀራል ወይም ይቃጠላል፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፓኮህ በቀን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይሰጥህ ነበር ማለት ነው። ቬፕ ግን የሚተነው ስትስበው ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሳብከው ኒኮቲን ደግሞ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ያህል ሰውነትህ ውስጥ ይቀራል። በቀን አንድ ሚሊ ሊትር ከጨረስክ የድሮውን ፓኮህን አልፈኸዋል። አንዱን በስንት ጊዜ ነው የምትጨርሰው?

በአፍ ወይስ በሳንባ ላልከው፣ በዋናነት በሳንባ ነው። ኒኮቲን ነጻ ሲሆን የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል፤ ከአሲድ ጋር ተጣምሮ ጨው ሲሆን ግን ማለፍ ያቅተዋል። የሲጋር ወይም የፒፓ ጭስ ኒኮቲኑ ነጻ ስለሆነ ወደ ሳንባ ሳይወርድ በአፍ ይገባል። ነጻ ኒኮቲን ሲበረታ ግን ጉሮሮ ይከረክራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቬፖች ሰው ብዙ መሳብ ያልቻለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ የገባው ጁል የተባለው ቬፕ ቤንዞይክ አሲድ ጨምሮ መከርከሩን አለዘበው። «ሶልት» የሚባለው ይኸው ነው። ጉሮሮህ «በቃኝ» አይልህም፣ ትስባለህ። ሳንባ ሲደርስ እዚያ ያለው እርጥበት አሲዱን ያረክሰውና ኒኮቲኑ ነጻ ሆኖ ያልፋል። የሳንባ ከረጢቶች ተዘርግተው ቢለኩ ከ50 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናሉ፤ ከዚያ ደሙ ወደ ልብ፣ ከልብ በቀጥታ ወደ አንጎል። በሲጋራ ጭስ ይህ ሁሉ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ሶልት ቬፕም ፍጥነቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ግን ሰዓታት ይወስድበታል።

ትንፋሽን ማፈን ብዙም ለውጥ የለውም፤ ኒኮቲኑ ሳንባ እንደደረሰ ወዲያው ነው የሚገባው። ልዩነት የሚያመጣው አሳሳብህ ነው፤ ቬፕ የለመደ ሰው ከሲጋራ አጫሽ ረዘም አድርጎ ይስባል።

ከለንደን

ፋርማሲስቷ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። እዚህ በሕግ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ አይሸጥም፤ የአውሮፓ ኅብረትም ወሰኑ ያው ነው። የሚጣለው ዓይነት ደግሞ ከጁን 2025 ወዲህ ጨርሶ ተከልክሏል። ግን ቁጥሩን ብቻ አትይ። እኔ 3 ሚሊ ግራሙን በትልቅ ሞድ (ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚደረግ ትልቅ የቬፕ ዕቃ) ነው የምስበው፤ ዋቱን ከፍ ሳደርገው በአንድ ጊዜ የሚተነው ፈሳሽ ይበዛል፣ ኒኮቲኑም አብሮ ይበዛል። ያው ፈሳሽ በትንሿ የቬፕ ዕቃ፣ በፖድ፣ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ነርሷ

ሁላችሁም ኒኮቲን ኒኮቲን አላችሁ፤ እኔ ቡናው ላይ ነኝ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ ካፌይን የሚፈጭውን ኢንዛይም ያነቃቃል። ይህን የሚያደርገው ከሚነድደው ትምባሆ የሚወጣው ጥቀርሻ ነገር እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ስለዚህ አጫሽ ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ነው የሚያስወግደው። ሲጋራ አቁመህ ቬፕ ስትይዝ ኒኮቲኑ ይቀጥላል፣ ኢንዛይሙ ግን በሳምንት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካው ያው ነው፤ ደምህ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን ግን በጣም ጨምሯል። ልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፦ ሁለቱም ያመጡታል፣ አንተ ጋ ደግሞ ተደራርበዋል። ቡናህን በግማሽ ቀንስና እየው።

የምትወስደው መድኃኒት ካለ ሲጋራ ማቆምህን ለሐኪምህ ንገረው። ክሎዛፒንና ቲዮፊሊን የሚፈጩት በዚያው መንገድ ስለሆነ መጠናቸው መስተካከል አለበት። ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ልትስት ካልክ ደግሞ 911 ደውል እንጂ እዚህ አትጻፍ።

አትላንታ

ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። የሕይወት ኢንሹራንስ ልገባ ነው፣ የደም ምርመራ አለው። ቬፕ ብቻ ነው የምስበው። ይታያል?

ፋርማሲስቷ

ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ጉበት ኒኮቲንን ፈጭቶ የሚያወጣውን ኮቲኒን ነው። ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኮቲኒን ግን 16 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ለቀናትም ይገኛል። ከሲጋራ ይምጣ ከቬፕ ወይም ከኒኮቲን ማስቲካ አይለይም። ፎርሙ ላይ እውነቱን ጻፍ።

የልጆች እናት

የሌሊት ሹፌር ወንድሜ፣ ልጅ አለኝ ስላልክ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያንን ዕቃ ሶፋ ላይ፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ አትተወው። የፍራፍሬ ሽታ አለው፣ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ወደ አፉ ነው። ፈሳሹ በቆዳም ይገባል፤ እጅህ ላይ ከፈሰሰ ልጁን ሳትነካ በሳሙና ታጠብ። ልጁ ከቀመሰው፣ ባያስመልሰውም፣ ሳትጠብቅ 1-800-222-1222 ደውል፤ አሜሪካ ውስጥ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ ሌሊትም ያነሳሉ። ራሱን ከሳተ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን በቀጥታ 911።

የሌሊት ሹፌር

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፋርማሲስቷ፣ አንዱ ሳምንት አይሞላልኝም። መሪ ይዤ ስነዳ ከእጄ አይወጣም። ቡናው ነገር ግን ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር! አሁን ልቀንስ ብል በምን ልጀምር? ደግሞ ለወንድሜ አዲስ አበባ ልልክለት አስቤ ነበር።

ፋርማሲስቷ

ለወንድምህ አትላክ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ኢትዮጵያ ውስጥ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው።

ሳምንት ካልሞላ በቀን 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም 70 ሚሊ ግራም አካባቢ ኒኮቲን ነው የምታተነው። የድሮው ፓኮህ እጥፍ። ሲጋራ ሲያልቅ ትጥለው ነበር፤ ይኼ ግን ማብቂያ ስለሌለው ነው ከእጅህ የማይወጣው። መጀመሪያ ወደ 2% ውረድ፤ ግን ለማካካስ ብለህ ረዘም እያደረግህ እንዳትስብ የሚሞላ ፖድ ግዛና ፈሳሹን በሚሊ ሊትር እየለካህ ሙላ። የቀኑ ካለቀ አለቀ። መንዳት ላይ ስትሆን የሚያስቸግርህን ሐራራ በኒኮቲን ማስቲካ ያዘው። እሱን እንደ ተራ ማስቲካ አታኝከው፤ ሲያቃጥልህ አቁምና በጉንጭህና በድድህ መሀል አሳርፈው፣ የሚገባው በአፍ ነውና። ብትውጠው ጉበት ብዙውን ያከስመዋል። ቡና አፍን አሲዳማ ስለሚያደርገው ኒኮቲኑ አይገባም፤ ከጠጣህ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ እያኘክም አትጠጣ።