መስፍን ሆኖ የማይገዛ ሰው እንዴት ይኖራል?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። የዴንማርክን ነገሥታት የዘር ሐረግ ሳይ ግራ ገባኝ። የሽሌስቪግ-ሆልሽታይን መስፍን የሚባለው ሰው ብዛቱ! ሶንደርቡርግ፣ ኖርቡርግ፣ ፕሎን፣ ግሉክስቡርግ፣ ቤክ... ሁሉም መስፍን ናቸው። ሁሉም ይገዙ ነበር ወይስ ማዕረጉ ባዶ ስም ነው?

መልስ 1
መሃል ላይ ነው። በ1564 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ በሁለቱ ግዛቶች፣ ማለትም በሽሌስቪግና በሆልሽታይን ከነበረው ድርሻ ሲሶውን ቆርጦ ለወንድሙ ለሃንስ ሰጠው። ሶንደርቡርግ፣ ፕሎን፣ የኤሮ ደሴት ደረሱት። የአገሩ መኳንንት ጉባኤ ግን እምቢ አለ፤ ለተጨማሪ ገዥ የታማኝነት መሐላ አንምልም አሉ። እኔ እፈርድላቸዋለሁ፤ ወንድም በተወለደ ቁጥር ገዥ ከተጨመረ አገር የሚባል ነገር አይቀርም።

ስለዚህ ሃንስ መሬቱን ያዘ፣ ከገበሬው ገቢውን ሰበሰበ፣ ውሃ የከበበውን የግሉክስቡርግ ግንብም በ1580ዎቹ አሠራ። በግዛቶቹ የጋራ አስተዳደር ግን ቦታ አልነበረውም። ያ የንጉሡና የጎቶርፉ መስፍን (ከንጉሡ ጋር ግዛቶቹን የሚጋራው የዘመዱ ቅርንጫፍ) ጉዳይ ነበር። ማዕረጉ ሙሉ ነው፣ ሥልጣኑ ጎዶሎ።

መልስ 2
ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳዝነው። ሃንስ በ1622 ሲሞት ያቺኑ ድርሻ አምስት ልጆቹ ተካፈሏት፣ ማዕረጉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ መስፍኑ እየበዛ መሬቱ እያነሰ ሄደ። የሶንደርቡርጉ ቅርንጫፍ በ1667 ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ መሬቱን ንጉሡ ወሰደው። ሌላው ቅርንጫፍ ቤኮችማ ስማቸውን ያገኙት ጀርመን ዌስትፋሊያ ውስጥ ከነበራቸው አንድ ርስት ነው! የሚገዙት አገር ስላልነበራቸው ወንዶቹ በሌሎች ነገሥታት ጦር ውስጥ ገቡ፤ ፒተር አውግስት የሚባለው ሩሲያ ሄዶ ፊልድ ማርሻል ሆኗል።

መልስ 3
በጀርመኖቹ የሳክሶኒ መሳፍንት ዘንድም ያው ነው። የጎታው መስፍን ኧርነስት ሰባት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ፣ በ1680 ሰባቱም ተካፈሉ። ከታናናሾቹ አንዳንዶቹ ግን ለብዙ ነገር በታላቅየው በጎታ ሥር ቀሩ። ከድርሻዎቹ አንዱ ሂልድቡርግሃውዘን ሙሉ ሥልጣን ያገኘው በ1702 ነው፣ በኋላ በዕዳ ተይዞ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት በ1769 ገንዘቡን የሚቆጣጠር ኮሚሽን ላከበት።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ግን ከእነዚያ መሬት አልባ ቤኮች የዴንማርክ ንጉሥ እንዴት ወጣ?

መልስ 1
በጋብቻና በዕድል። የድሮው የግሉክስቡርግ ቅርንጫፍ በ1779 ወራሽ አጥቶ ጠፋ። የቤኩ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሚስቱ የዴንማርክ ንግሥት እህት ነበረች፤ ንጉሥ ፍሬድሪክ 6ኛ በ1825 የግሉክስቡርግን ማዕረግ ሰጠው። ከዚያ ፍሬድሪክ 7ኛ ልጅ ስላልነበረው በ1852 ለንደን ላይ የአውሮፓ ኃያላን የፍሪድሪሽ ቪልሄልምን ልጅ ክርስቲያንን ወራሽ አድርገው ተስማሙ። በ1863 ኅዳር ላይ ነገሠ። የሚገርመው፣ ልጁ ጊዮርጊስ ያን ጊዜ የግሪክ ንጉሥ ሆኖ ወራት አልፈውታል፤ ከአባቱ ቀድሞ ነው የነገሠው።