ሰሜን ጋና ገጠር ለወንጌል ሥራ ልንሄድ ነው፤ ቀኑ እዚያ እንዴት ይውላል?

የሐዋሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን እኔንና ባለቤቴን ወደ ሰሜን ጋና ልትልከን ነው። ከታማሌ ከተማ ወጣ ያለ፣ ዳጎምባ የሚባል ሕዝብ የሚኖርበት መንደር ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ የ7 እና የ4 ዓመት። ሥልጠናው ላይ ስለ ስብከት ብዙ ተምረናል፣ ግን ጠዋት ተነስቼ ምን እንደምሠራ የነገረኝ ሰው የለም። ውሃ ከየት ይቀዳል? ምን ይበላል? እሁድስ እንዴት ነው? የኖራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ እንዳልፈራ ብላችሁ አታሳምሩልኝ።

ታማሌ4ዓመት
እህቴ፣ ጌታ ይርዳችሁ። እኔ ከታማሌ በሞተር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር 4 ዓመት ኖሬያለሁ።

ቀኑ የሚጀምረው በሰላምታ ነው፣ ሰላምታው ራሱ ደግሞ ሥራ ነው። ጠዋት "ዳሲባ" ትባያለሽ፣ "ናአ" ብለሽ ትመልሻለሽ። ከዚያ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ባልሽ፣ ስለ ልጆችሽ ይጠየቃል። ሽማግሌ ፊት ቆመሽ ሰላም አትዪም፣ ቁጢጥ ብለሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ ስብሰባ አለብኝ እያልኩ በእጄ ብቻ ሰላም ብዬ አልፍ ነበር። አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ልጃቸውን ልከው "ተቀይመኸናል ወይ?" ብለው አስጠየቁኝ። በጣም ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከቤት የምወጣበትን ሰዓት ቀደም አደረግኩ፣ ምክንያቱም ከቤቴ እስከ ቧንቧው ያለችውን አጭር መንገድ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት መንደሩ አለቃ ጋ ነው፣ የኮላ ፍሬ (የሚታኘክ ፍሬ ነው) ይዛችሁ። አለቃው የሚቀመጡት በእንስሳ ቆዳ ላይ ነው፣ የሥልጣናቸው ምልክትም እሱ ነው። ሳታዩአቸው ሥራ እንዳትጀምሩ።

ቋንቋውን ደግሞ አደራ። በእንግሊዝኛ ታማሌ ከተማ ትኖሪያለሽ፣ መንደር ውስጥ ግን እናቶቹ የሚያወሩት ዳግባኒ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት አልሰበክሁም ማለት ይቻላል። ላኪዎቻችን ሪፖርት ላይ ስንት ሰው አመነ ብለው ሲጠይቁ "ዘንድሮ ቋንቋ ተማርኩ" ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የምጽፈው።

ነርሷ
እኔ የጤናውን ልናገር። ሐዋሳ ስለምትኖሪ ወባን አውቃታለሁ ትያለሽ ይሆናል። እኛ አገር ግን ቫይቫክስ የሚባለውም ዓይነት ብዙ ነው፣ ጋና ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፋልሲፓረም ነው፣ ቶሎ የሚከፋው ማለት ነው። ልጅሽ ትኩሳት ካላት "እስከ ነገ ልያት" አይባልም፣ የዚያኑ ቀን አስመርምሪያት። አጎበር ሁልጊዜ። የመከላከያ ኪኒን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ ለልጆቹ መጠኑ ይለያል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከሌላችሁ ጋና መግባት አትችሉም። የማጅራት ገትርንም ክትባት ጠይቁ፣ ከሴኔጋል እስከ እኛ አገር የሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ሰሜን ጋናን ያካትታል፣ ወረርሽኙም የሚነሳው በደረቁ ወቅት ነው። ያ ወቅት ሐርማታን ይባላል፣ ከሰሃራ የሚመጣ አቧራማ ነፋስ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። የሺአ ቅባት ትቀቢያለሽ፣ ሴቶቹ ራሳቸው የሺአ ዛፍ ፍሬ ለቅመው፣ ቀቅለውና ወቅጠው የሚያወጡት ነው።

ውሃ የሚቀዳው ከእጅ ፓምፕ ነው፣ ወረፋ አለ። እንግዳ ናት ብለው ሊያስቀድሙሽ ይችላሉ። አትቅደሚ። እኔ ዳግባኒ የተማርኩት እዚያ ወረፋ ላይ ነው፣ የሴቶቹንም ጭንቀት የሰማሁት እዚያው።

ምግቡ አያስቸግርሽም። ቱዎ ዛፊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ነው፣ ገንፎ በይው፣ በባሚያ ወይም በቅጠል ወጥ በቀኝ እጅ ከአንድ ሳህን ይበላል። ልጆችሽም በሳምንት ውስጥ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሲሮጡ ታያቸዋለሽ። እኔ ለልጆቼ የፈራሁት ብቸኝነትን ነበር፣ የሆነው ግን ማታ ከጎረቤት ቤት ጎትቼ ማምጣት ነው።

ከአክራ
በሁለቱ ላይ የምጨምረው አለኝ። አፍሪካዊ ስለሆንን ቤታችን የምንገባ ይመስለናል፣ ግን እንግዶች ነን። ወንጌልንም እኛ ይዘንላቸው የምንሄድ አይደለም። በዛሬዋ ናይጄሪያ የተወለደው ዮሩባው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር በ1864 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ሆኖ ሲሾም ለወገኖቹ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዮሩባ በመተርጎም ላይ ነበር። ዛሬም ታማሌ ውስጥ ጠንካራ የጋና አገልጋዮች አሉ። በእነሱ ሥር ሆናችሁ ሥሩ፣ እባካችሁ። የዳጎምባ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፣ ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖርን ከእነዚህ የጋና አገልጋዮች የሚበልጥ የሚያስተምራችሁ የለም።

እሁድን ስለጠየቅሽው፣ ገበያው በየስድስት ቀኑ ነው የሚውለው። ስለዚህ በየጊዜው እሁድ ላይ ይመጣል፣ ያን ቀን ለአምልኮ ከሚሰበሰብበት የማንጎ ዛፍ ሥር ጥቂት ሰው ታገኛላችሁ። በክረምት ደግሞ ሁሉም እርሻ ላይ ነው። እኔ የነበርኩበት ኅብረት የገበያ እሁድ ሲሆን ማታ ይሰበሰብ ነበር፣ ሰውም ይመጣል።

የሐዋሳዋ
ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንድ ነገር ብቻ፣ ኮላውን ከየት እንገዛለን? ከዚህ ይዘን እንሂድ?

ታማሌ4ዓመት
ከዚህ አትያዙ። ታማሌ ገበያ ሞልቷል። ብቻችሁን ግን አትግዙ፣ የሚቀበሏችሁን የጋና ወንድሞች ይዛችሁ ሂዱ፤ ስንት እንደሚበቃና ለአለቃው ማን እንደሚያቀርበው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።