የቦቢን ጆሮ ኦፕራሲዮን ላስደርግ ወይስ ልተወው? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ

የቦቢ ባለቤት፦
ሰላም ወገኖቼ፣ ያለነው ሜሪላንድ ነው፣ ቦቢ ውሻዬ ነው፣ ዝርያው ኮከር ስፓኒየል፣ 8 ዓመቱ፣ ቀኝ ጆሮውን ከታመመ 4 ዓመት አለፈው። ጠብታ ይሰጡናል፣ ሁለት ሳምንት ደህና ይሆናል፣ ደግሞ ያገረሽበታል፣ ስንት ዓይነት ጠብታ እንደቀያየርን እንጃ። ባለፈው ሳምንት ቬቷ (የእንስሳት ሐኪሟ) ስታየው የጆሮው ቦይ አብጦ ተዘግቷል፣ ሲዳሰስ እንደ አጥንት ደርቋል፣ ከእንግዲህ ጠብታ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ያለው መፍትሄ ቦዩን ጠቅላላ ማውጣት ነው አለችን። ከሲቲ ስካኑ ጋር ወደ 6 ሺህ ዶላር ነው ግምቱ፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ በሽታው ከመግባታችሁ በፊት የነበረ ነው ብሎ አይከፍልም።

ብሩ ይከብዳል፣ ግን እኔ የፈራሁት ፊቱ ሽባ ሊሆን ይችላል፣ በዛ በኩልም አይሰማም ስላሉኝ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛጋ ነች፣ መጀመሪያ ውሻ እንዴት ቤት ይገባል ብላ አታስጠጋውም ነበር፣ አሁን ማታ ማታ መግሉን በጥጥ የምትጠርግለት እሷ ሆናለች። ትናንት ሊያዛጋ አፉን ግማሽ እንኳ ሳይከፍት ጮኸና ሄዶ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገ፣ "ይሄ ፍጡር ምን በደለ" ብላ እንባዋ መጣ። እስኪ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አሌክሳንድሪያ፦
አይዞሽ እህቴ። የኛዋም ኮከር ናት፣ መጀመሪያ ግራውን ከዛ በ5 ወሩ ቀኙን አስወጣንላት። አልዋሽሽም የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ ጭንቅላቷ ግማሹ ተላጭቶ፣ አንገቷ ላይ ኮን ታስሮ፣ በዛ ላይ አንድ ዓይኗን መክደን አቅቷት ነበር፣ ዓይኗ እንዳይደርቅ በየ4 ሰዓቱ ቅባት እያደረግን ሌሊት በአላርም ተነስተናል። ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሳህኗ ጋ ቆማ ጥቅሻ ስታደርግ አየኋት፣ ባለቤቴን ከሻወር ነው የጠራሁት።

ሽታውን በጣም ለምደነው ኖሮ ሲጠፋ ነው ያወቅነው። አርጅታ ነው ያልነው ሁሉ ህመም ነበር፣ ኳስ ማምጣት ጀመረች እኮ። መስማቱ በጣም ቀንሷል፣ አሁን በእጅ ምልክት ነው የምንጠራት፣ ወለሉን በእግሬ መታ ሳደርግም ዞር ትላለች።

ከቢሾፍቱ፦
እኔ ቢሾፍቱ እንስሳት ህክምና ተምሬ አሁን እዚህ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቦቢን ስላላየሁት ውሳኔው የሐኪሙ ነው። የውሻ የጆሮ ቦይ እንደኛ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ቁልቁል ወርዶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ኮከር ደግሞ እዛ ውስጥ ኩክ የሚያመርት ዕጢ ይበዛበታል፣ ለዓመታት ሲቆጣ ቦዩ ይወፍርና ይደድራል። ኢንፌክሽኑ ታምቡሩን አልፎ ከጀርባው ያለው አጥንት ውስጥ ሲገባ እንደዚህ ሲያዛጋ ያማል።

ስለዚህ ቦዩን ያወጡና ያንን የአጥንት ክፍተት ከፍተው ያጸዱታል፣ ተንጠልጣዩ ጆሮ ግን እንዳለ ይቀራል፣ ጸጉሩ ሲበቅል ሰው አይለየውም። የፊት ነርቭ ቦዩን ተጠግቶ ስለሚያልፍ ነው ፊት ሽባ የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ የማይመለስለትም አለ። ውስጡ በደንብ ካልጸዳ ደግሞ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ መግል ይቋጥራል። ስለዚህ ሰርጀኑን ይሄን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንቴ ትሰራለህ፣ ከአጥንቱ ውስጥ ናሙና ወስደህ ካልቸር (ጀርሙ ምን እንደሆነ የሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ትልካለህ ወይ፣ ሌሊቱን ለህመሙ ምን ትሰጠዋለህ ብለሽ ጠይቂው። በርካሽ የቦዩን ጎን ብቻ እንክፈተው የሚል ካለ አትስማሚ፣ ኮከር ላይ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ስለ መስማቱ እኔ ብሆን ብዙ አልጨነቅም፣ የተዘጋ ጆሮ አሁንም የሚሰማው ጥቂት ነው። እስከዛ ግን ከቤት የተረፈ ጠብታ እንዳትጨምሪበት፣ ታምቡሩ ከተቀደደ አንዳንዱ መድኃኒት የውስጥ ጆሮን ይጎዳል።

ዴንቨር፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሀሳብ አለኝ። የኛ ጎልደን ሪትሪቨር ውሻም ለ2 ዓመት እንዲሁ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ለ8 ሳምንት ቬቱ ካዘዘው ምግብ ውጪ ምንም ሳንሰጠው ቆይተን ዶሮ ስንመልስለት ጆሮው በሳምንቱ ቀላ፣ አለርጂ ነበር ማለት ነው። የኛ ቦዩ ስላልደደረ ነው ኦፕራሲዮን የቀረልን፣ የቦቢ ቀኙ ከዛ ያለፈ ይመስለኛል፣ ግን አለርጂውን ካልያዛችሁት ነገ ግራውም እዛው ይደርሳል። እናትሽ ከወጥ ፍርፋሪ እየሰጡት ከሆነም በትህትና አስቁሚያቸው፣ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ራሱ ለውሻ መርዝ ነው።

የቦቢ ባለቤት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ሰርጀን ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፣ ነርቩ ላይ ደህና መልስ ከሰጠኝ ቀኙን ላስወጣለት ወስኛለሁ። ለእማዬም አነበብኩላት፣ ዶሮ ወጥ ስትበላ አጥንቱን ለቅልቃ ትሰጠው ነበር ለካ፣ ደነገጠች። ማታ ግራ ጆሮውን በስልኬ መብራት አየነው፣ ጥግ ጥጉ ቀላ ብሏል፣ እሱንም ሐሙስ አሳየዋለሁ።