ከደመወዝ ማሻሻያው ማግሥት ጡረታ የሚወጣ ሰው አበሉ በየትኛው ደመወዝ ይሰላለት?

የሒሳብ ባለሙያ፣ ለገሃር

ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ አንድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ይከፈለው በነበረው አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። 10 ዓመት ላገለገለ የአማካዩ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው ስለዚህ የአማካዩን 55 በመቶ ያገኛል። ደመወዝ በዝግታ በሚያድግበት ዘመን ይህ ስሌት ብዙ አያነጋግርም፤ እኛ ግን የምንወጣው ደመወዝ በአንድ ጊዜ በዘለለበት ወቅት ነው።

የደመወዝ ስኬሉን ጣሪያ ለምሳሌ እንውሰድ። 20,468 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. 21,492 ሆነ፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 39,000 ደረሰ። ወራቱን ሳንሸራርፍ በሙሉ ዓመት ብናሰላው፣ በዚህ እርከን ላይ 30 ዓመት አገልግሎ በጳጉሜን 2017 የወጣ ሰው አበሉ ወደ 11,400 ብር ገደማ ይሆናል። በ2018 መጨረሻ የሚወጣው 14,800 ያህል ያገኛል። አዲሱን ደመወዝ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቶ የሚወጣው ግን ሌላ ጭማሪ ባይኖር እንኳ 21,450 ብር ይደርሰዋል። የሥራ መደቡ አንድ ነው፣ የአገልግሎት ዘመኑም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የልደት ዓመት ብቻ ነው። ልዩነቱ በባለመብቱ ዕድሜም አያበቃም፤ ለሟች የትዳር ጓደኛ የሚተላለፈው የአበሉ 50 በመቶ ስለሆነ የተቀነሰው አበል ተቀንሶ ይወረሳል። የእኔ አቋም፣ በእነዚህ ሦስት የሽግግር ዓመታት ለሚወጡ ሠራተኞች ሌላ የስሌት መንገድ ሊኖር ይገባል የሚል ነው።

የበጀት ባለሙያ፣ አራት ኪሎ

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አይዋጥልኝም። ጡረታ የሚከፈለው ከመዋጮ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ በየወሩ ገቢ ይደረጋል። ደመወዙ 20,468 ብር በነበረ ጊዜ በዚያ ሰው ስም ይገባ የነበረው 3,684 ብር ያህል ነው፤ በ39,000 ሲሰላ 7,020 ብር ይሆናል። ወንድሜ የሚጠይቁት ሠላሳ ዓመት በዝቅተኛው ደመወዝ ያዋጣ ሰው፣ የጥቂት ወራት መዋጮ ብቻ በከፈለበት ደመወዝ ዕድሜ ልኩን እንዲጦር ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው አሁን ሥራ ላይ ያለው ወጣት ይሆናል።

አማካዩም ያለ ምክንያት አልተደነገገም። አበል በመጨረሻው ወር ደመወዝ ብቻ ቢሰላ ኖሮ፣ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩትን ባልደረባ በደረጃ ዕድገት መሸኘት የየመሥሪያ ቤቱ ልማድ ይሆን ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ በመሥሪያ ቤት ያደገ ሁሉ የምለውን ያውቀዋል።

የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ፒያሳ

እኔ ስለ መርሕ ሳይሆን ስለራሴ ዓመት ልናገር። በማኅደሬ እንደተጻፈው 59 ዓመቴ ነው፤ የምወጣው በዚሁ በ2018 ዓ.ም. ውስጥ ስለሆነ ከሠላሳ ስድስቱ ወራት አብዛኞቹ በአሮጌው ደመወዝ ይሰሉብኛል። «በማኅደሬ እንደተጻፈው» ያልኩት በምክንያት ነው። ሕጉ ለጡረታ የሚቀበለው ለመጀመሪያ ጊዜ ስንቀጠር የተመዘገበውን ዕድሜ ነው። በሥራዬ የብዙ ሰው ማኅደር አልፎብኛል፤ በዚያን ዘመን ለመቀጠር ሲል ዕድሜውን ከፍ አድርጎ ያስመዘገበ ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ሥራ ያስገኘለት ዓመት ዛሬ ከሥራ ቀድሞ ያስወጣዋል፤ የልደት ማስረጃ ይዞ ቢመጣም መዝገቡ አይለወጥለትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ከሒሳብ ባለሙያው ይለያል። የስሌቱን ቀመር ከመንካት ይልቅ፣ አቅሙና ፈቃዱ ያለው ሠራተኛ አዲሱን ደመወዝ ሦስት ዓመት እስኪሞላ ድረስ በሥራ ላይ እንዲቆይ ቢፈቀድ ምን ይጎዳል? መዋጮውም በዚያው ልክ ይገባል፤ የበጀት ባለሙያው ለጠየቁትም መልስ ይሆናል። የአገልግሎት ማራዘሚያ በሕግ አለ፤ ነገር ግን የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ «ይህ ሰው ያስፈልገኛል» ሲል እንጂ ሠራተኛው «ይቅርታ፣ ሦስት ዓመቴ አልሞላም» ሲል አይደለም። የኔ ቢጤ መዝገብ ጠባቂ ደግሞ እንደ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሚናፈቅ አይደለም።

ጀማሪ ኦፊሰር፣ ሜክሲኮ

እናቴ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ ለቅጥር የሚሰለፈው በዝቷል፤ መደቦቹ ግን አልበዙም። አንድ ሰው ሦስት ዓመት በቆየ ቁጥር ከሥሩ ያለው ዕድገት አያገኝም፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ጭራሽ አይቀጠርም። አበላችሁ ይስተካከል፤ ለዚህ መዋጮዬ ቢጨምርም ልነጋገርበት እችላለሁ፤ በወንበሩ ላይ ግን አንስማማም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ቀድሞ ካዛንቺስ

የምትከራከሩበት 55 በመቶ ለእኛ ሩቅ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲደነገግ መዋጮ መክፈል የጀመርነው ሐምሌ 2003 ነው። ከዚያ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ (አሠሪና ሠራተኛ በጋራ የሚያጠራቅሙት የድርጅት ቁጠባ) ያልነበረን ሰዎች፣ ቀደም ብለን የሠራናቸው ዓመታት ምንም ያህል ቢረዝሙ ለጡረታ አይቆጠሩም። ሐምሌ 2018 ላይ 60 ዓመት የሚሞላው የኔ ዓይነት ሠራተኛ በእጁ ያለው 15 ዓመት ነው፤ ሲሰላ 36.25 በመቶ ይመጣል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን አበሉ 3,625 ብር ነው። ከ2003 ወዲህ መሐል ላይ ሥራ ፈትቶ ቆይቶ 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል።

የመንግሥት ደመወዝ ሲሻሻል የእኛ አሠሪ የመሻሻል ግዴታ የለበትም። ቢጨምርም የሚጨምረው በትራንስፖርትና በቤት አበል ስም ነው። መዋጮ የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ አሠሪው ከ11 በመቶው ይድናል፤ እኛም በየወሩ እጃችን ላይ የሚገባው ትንሽ ከፍ ስለሚል ዝም እንላለን። የነበርኩበት ድርጅት ከደመወዜ ግማሽ ያህሉን በአበል መልክ ይከፍለኝ ነበር፤ ያ ገንዘብ ለጡረታዬ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ስትነሣ ከከተማው ዳር ወጥቻለሁና የታክሲው ወጪ ራሱ ከጡረታ አበሌ ላይ ምን እንደሚያስተርፍልኝ እናንተው አስሉት። ስለዚህ ክርክራችሁ ስለ ሦስት ዓመት አማካይ ብቻ ከሆነ ጡረታ ከሚጠብቀው ሰው ግማሹን ውጭ ትታችሁታል።

ጠበቃ፣ ልደታ

ሁለት ነገር ላጥራ። አንደኛ፣ የሦስት ዓመቱ አማካይ በ2014 የወጡት አዋጆች፣ ማለትም ለመንግሥት ሠራተኞች ቁጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ቁጥር 1268፣ የፈጠሩት አይደለም። በቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 714/2003ም ነበረ። ስለዚህ ጉዳቱ ያለው በጡረታ ሕጉ ላይ በተደረገ ለውጥ ሳይሆን፣ የደመወዝ ማሻሻያው ሲደረግ የጡረታ ሕጉ ባለበት እንዲቆም በመተዉ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የኑሮ ውድነቱ ሲብስ፣ ደመወዙ የዋጋውን መናር ተከትሎ ተስተካከለ፤ የጡረታው ስሌት ግን ከዋጋው መናር በፊት የነበረውን ብር እንደ ዛሬ ብር መቁጠሩን ቀጠለ።

ሁለተኛ፣ ምርጫው በመጨረሻ ወር ደመወዝና በአማካይ መካከል ብቻ አይደለም። አማካዩን ሳይነኩ፣ በሠላሳ ስድስቱ ወራት ውስጥ የሚገኘውን የቀድሞ ደመወዝ ያው እርከን ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ተክቶ ማስላት ይቻላል። ሠራተኛው በ2016 የነበረበት እርከን ዛሬ ስንት ነው? ያ ይወሰድለታል። በመጨረሻ ሰዓት የተሰጠ የመሸኛ ዕድገት በዚህ ስሌት ምንም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም ከዕድገቱ በፊት የነበሩት ወራት የሚተኩት በዝቅተኛው እርከን አዲስ ዋጋ ነው። የበጀት ባለሙያው የፈሩት ክፍተት ሳይከፈት የልደት ዓመት ልዩነቱ ይጠፋል።

ለግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ይህ መንገድ እምብዛም አይረዳም፤ የግል ድርጅት ወጥ የደመወዝ እርከን ስለሌለው የሚተካበት ሚዛን የለም። እዚያ ያለው ዋና ችግር ጭማሪው ሁሉ ወደ ትራንስፖርትና ቤት አበል መሸሹ ነው፤ መፍትሔውም መዋጮ የሚታሰብበትን ገቢ ማስፋት ይመስለኛል።

የበጀት ባለሙያ፣ አራት ኪሎ

የጠበቃው ሐሳብ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ መዋጮ ያልገባበት ገንዘብ ይከፈል ማለቱ ግን አልቀረም። ከዚህ የሚከብደኝ ደግሞ የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። በ2010 ወይም ከዚያ በፊት የወጣ ሰው አበሉ የተሰላው ዛሬ የአስቤዛ ዋጋ በማይሆን ደመወዝ ላይ ነው። በ2018 የሚወጣው 14,800 በ21,450 ሳይተካልኝ ቀረ ብሎ ሲያዝን፣ ያኛው በጥቂት ሺህ ብር የቤት ኪራይና መድኃኒት ይሸፍናል። የሚገኝ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለእርሱ ይሁን። አበሉን የሚያስተካክለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነውና ለዚያ አዋጅ ማሻሻል አያስፈልግም፤ ለእናንተው ጥያቄ ግን ያስፈልጋል።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ለገሃር

የቀድሞ ጡረተኞች ይቅደሙ ቢባል አልቃወምም፤ የእነርሱ መቅደም የእኛን ጥያቄ ውድቅ የሚያደርግበት ምክንያት ግን አይታየኝም። «መዋጮ ያልገባበት ገንዘብ» የሚለውን አነጋገር ደግሞ ሳልመልስ አላልፍም። የእኛ መዋጮ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠው በአብዛኛው በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው፤ ወለዱም ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። መንግሥት በርካሽ ተበድሮ ሲጠቀምበት የኖረ ገንዘብ ነው፤ ፈንዱ እንደ ዋጋው ቢያድግ ኖሮ ዛሬ ስለ ጉድለት ባልተነጋገርን። ስለዚህ ልዩነቱን ይሸፍን የምለው ወጣቱ ኦፊሰር ከደመወዙ ሳይሆን፣ የብድሩ ተጠቃሚ የነበረው ግምጃ ቤት ከበጀቱ ነው። የሽግግሩ ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ ተጠቃሚው ውስን ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ልዩነት ደግሞ አስቀድሞ በብር ሊሰላ ይችላል።

የበጀት ባለሙያ፣ አራት ኪሎ

ከግምጃ ቤት ይከፈል ከተባለ ክርክሩ ከጡረታ ፈንድ ወጥቶ የበጀት ክርክር ይሆናል፤ እዚያ ደግሞ ከትምህርትና ከጤና ጋር ተሰልፎ መወዳደር አለበት። ብድሩን በተመለከተ ያሉትን አልክድም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ቀድሞ ካዛንቺስ

የእኛም ፈንድ ያለፈው በዚያው መንገድ መሆኑ አይረሳ። ግምጃ ቤቱ የሚክስ ከሆነ ሁለቱንም ይካስ።

የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ፒያሳ

ልጄ ከሜክሲኮ በወንበሩ ጉዳይ ያልከውን ተቀብዬ የማራዘሙን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ የጠበቃው መንገድ ከተሳካ መቆየቱም አያስፈልገኝም። ጠበቃው የማሻሻያ ሐሳቡን በጽሑፍ ሲያዘጋጁ ግን አንድ ነገር እንዲያክሉ እጠይቃለሁ። አዋጅ የሚጸናው ብዙ ጊዜ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሐሳባችሁ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ረቂቅ ሆኖ፣ ምክር ቤት ደርሶ እስኪጸድቅ እኔና በዚህ ዓመት የሚወጡት ባልደረቦቼ የጡረታ ደብዳቤያችንን ተቀብለን ወጥተን እንሆናለን። «ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ ጡረታ የወጡትንም ይጨምራል» የሚል ሐረግ ካልገባበት ይህ ሁሉ ክርክር የሚጠቅመው ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ነው፤ እነርሱ ደግሞ ሦስት ዓመታቸው በራሱ ጊዜ ስለሚሞላ አያስፈልጋቸውም።