ግቢዬ መጥተው የቢምቢ እጭ ቆጥረው ሄዱ፤ ለምን አይረጩም?

ጡረተኛው ከከዚራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ያለሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ጡረታ እስክወጣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነበርኩ፤ ስለዚህ ለክቶ መመዝገብን አልንቅም። ጥያቄዬን በዚያ ተረዱልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ከቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር መጡ። መታወቂያ አሳዩ፣ በአክብሮት ጠየቁ፣ አስገባኋቸው። አንደኛው እጀታው ረጅም የሆነ ነጭ ጭልፋ ይዟል። ከሲሚንቶ ገንዳዬ እየቀዳ ነጭ ትሪ ላይ እየገለበጠ በባትሪ ይመለከታል። እጭ አገኘ። ቆጠረ፣ ስልኩ ላይ መዘገበ፣ ጥቂቱን በብልቃጥ ወሰደ። ሁለተኛው ማራገቢያ ያለው መምጠጫ ተሸክሞ ነበር። መኝታ ቤቱን ቶሎ ጨርሶ ከፍየሎቹ ጋር ብዙ ቆየ። ከዚያ አመስግነው ሄዱ።

ሦስት ነገር አልገባኝም። እኛ የምናውቀው ወባ ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲያቁር፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚመጣ ነው። አሁን የካቲት ነው፤ የደቻቱ ወንዝ እንኳ አሸዋ ብቻ ሆኗል። በዚህ በጋ ምን ይቆጠራል? ሁለተኛ፣ የሚነከሰው ሰው ሆኖ ሳለ ፍየሎቹ ጋ ምን ፈለጉ? ሦስተኛ፣ እጩን በዓይናቸው እያዩ ለምን ሳይረጩ ሄዱ?

አቦ በለው

ጋሼ አይድከሙ፣ ለአበል ነው። እኛም ሰፈር መጥተው ነበር፤ በርሜሉን ሁሉ ቆጥረው ሄዱ፣ ቢምቢው እንዳለ አለ።

የመስክ ቴክኒሺያን

ጋሼ፣ እኔ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ድሬ ውስጥ ባይሆንም በዚያው በምሥራቅ በኩል። ወንድሜ ስላነሳው አበል፦ አዎ አለ፣ አልክድም። ግን በጠዋት ፍየል በረት ውስጥ በርከክ ብሎ ከግድግዳ ጥግ ቢምቢ መልቀምን ለአበል ብቻ ብሎ የሚሠራው ሰው አላየሁም።

የመስከረሙ ወባ ያሉት ልክ ነው። እሱን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትባል ቢምቢ ናት። ዝናብ ያቆረውን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ጠለቅ ያላለ ውሃ ትወዳለች፤ የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ ይበቃታል። ውሃው ሲደርቅ እሷም ትቀንሳለች። አሁን የምንፈልጋት ግን ሌላዋን፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲን ነው። መነሻዋ እስያና የዓረብ ምድር ነው። ጅቡቲ ላይ በ2012 ተገኘች፣ እኛ አገር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ይቺ ዝናብ አትጠብቅም። ሰው ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ ውሃ የተያዘበት ጉድጓድ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያላጠራቀመ ማን አለ?

2022ን ያስታውሱታል። ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ድሬ ላይ ከ2,400 በላይ የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በ2019 በእነዚያው ወራት 205 ነበሩ። ተመራማሪዎች የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች ቤት አነጻጽረው ሲያዩ፣ ሕመሙና የስቴፈንሲ በአካባቢው መገኘት አብረው የሚሄዱ ሆነው ተገኙ። የወባው ተውሳክም በቢምቢዋ ውስጥ ታየ። እንግዲህ በየካቲት ጭልፋ ይዘን የምንዞረው ለዚህ ነው። ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ደርሶ ከተመዘገበ በኋላ መቁጠር ከባቡሩ ኋላ መሮጥ ነው።

ወደ ፍየሎቹ ልምጣ። ለአረቢየንሲስ አልጋ አጠገብ የመብራት ወጥመድ ሰቅለን እናድራለን፣ ጠዋት ይዘን እንመለሳለን። ስቴፈንሲ ግን በዚያ ወጥመድ እምብዛም አትያዝም። እጯ ገንዳ ሙሉ ሆኖ ጉልምሷ (ያደገችው ቢምቢ) ቤት ውስጥ ስትፈለግ የምትጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀን ቀን ከምታርፍባቸው ቦታዎች አንዱ የከብትና የፍየል በረት ነው፤ ከእንስሳም ደም ትመጥጣለች። በመምጠጫው ስንይዛት ሆዷ ውስጥ ያለው ደም የሰው ይሁን የፍየል ላቦራቶሪ ይለየዋል። የእርስዎን በረት ያየው ልጅ የመጣበትን ሥራ ያውቃል።

መርጨቱን በተመለከተ፣ እዚህ ላይ ታገሡኝ። የተወሰደው እጭ በመረብ ሳጥን ውስጥ አድጎ ጉልምስ ሲሆን ዝርያው ይለያል። ከዚያ መድኃኒት የተነከረ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ ለ1 ሰዓት ይቆያል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞተው ይቆጠራል። ከ100ው 90 እንኳ ካልሞተ ያ መድኃኒት ተለምዷል ማለት ነው። የእኛዋ ስቴፈንሲ ደግሞ ከአንድ በላይ የመድኃኒት ዓይነት እንደተቋቋመች ታይቷል። ሳይፈትሹ ግድግዳ መርጨት በጀት ማፍሰስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከቢምቢው ወጣ ያለ ቢሆንም። በዚያው ወረርሽኝ ፈጣኑ ኪት የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጭ ተውሳክ ተገኝቷል። ኪቱ ነፃ ነህ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ደም በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ ይበሉ።

እህት ከቀበሌ

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፣ ከእነሱ ጋር በር የማንኳኳው። ቴክኒሺያኑ የዘለለውን ልናገር። በአንድ ገንዳ ውስጥ የሁለት በሽታ ቢምቢ ሊኖር ይችላል። እጩን ትሪው ላይ ስታዩት፣ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛው የአኖፌለስ ነው፤ ጭራውን ወደ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ የሚንጠለጠለው የሌላ ቢምቢ ዓይነት፣ ወይ ኤደስ ነው ወይ ኩሌክስ። ኤደስ ቀን ነው የምትናከሰው። በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን እዚሁ ድሬ ላይ ያስተላለፈችው እሷ ናት። በቺኩንጉንያው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ፤ መገጣጠሚያው ተይዞ ግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ ያልታየበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ለዚህኛው አጎበር ብዙ አይረዳም፣ ቀን ማን አጎበር ውስጥ ይውላል?

ስንመዘግብ ከ100 ቤት ውስጥ ስንት ዕቃ እጭ ተገኘበት ብለን ነው የምናሰላው። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰፈር ላይ ዘመቻው ቅድሚያ ይጀመራል። ችግራችን በር የማይከፍት ሰው ነው። ግቢው ሰፊ፣ ገንዳው ትልቅ የሆነ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የማይከፍተው፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሱን ነው።

የጅቡቲ መንገድ ሾፌር

ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ስጠብቅ የማድር ሰው ነኝ። ድሮ እዚያ የሚፈራው ሙቀቱ ነበር፣ ወባ የሚባል ወሬ አልነበረም። በ2012 በአገሩ ሙሉ 27 ሕመምተኛ ነበር አሉ፤ በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። ከእኛ ሾፌሮች ታሞ የተመለሰ አለ። ጭነታችን ላይ ያሉት አሮጌ ጎማዎችም ዝናብ ካገኙ ውሃ ይይዛሉ፤ እነሱን የቆጠረ ሰው ግን አላየሁም። ከወደብ እስከ ድሬ ይቆጠሩ ባይ ነኝ።

ጡረተኛው ከከዚራ

እግዜር ይስጣችሁ፣ ተምሬያለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል።

በወጣትነቴ የተቃጠለ ዘይት ቆሻሻ ውሃ ላይ ሲደፋ አይቻለሁ፣ እጩ ታፍኖ ይሞት ነበር። ገንዳዬ ግን የምንጠጣው ነው። ባዶ ላድርገው ብል ፈረቃችን እስኪደርስ ቤተሰቡ ምን ይጠጣል? የሮቶዬም ክዳን ፀሐይ በልቶት ተሰንጥቋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ነገር ከተለካ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ካርዱም እማሽኑ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚቀጥለው ፈረቃ መጥቶ ያነባል። የእኔ ገንዳ ተለክቶ ካርዱ የት ሄደ? ገንዳው የእኔ፣ ቢምቢው እኔን የሚነክስ፣ ውጤቱ ግን ማንም ያልነገረኝ ነገር ሆነ። አቦ በለው «ለአበል ነው» ያለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ቆጥሮ የሚጠፋን ሰው ሕዝብ ምን ብሎ ይጥራው?

የመስክ ቴክኒሺያን

በሁለተኛው መልስ የለኝም ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኛ መረጃውን እንልካለን፤ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ስብሰባ። ወደ በሩ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም። ቢያንስ እጭ የተገኘበት ቤት በዚያው ቀን በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ ላቦራቶሪም አይጠይቅም።

ለገንዳው፦ ዘይት በፍጹም። ቢቲአይ የሚባል ከባክቴሪያ የሚሠራ እጭ ገዳይ አለ፣ ለሚጠጣ ውሃም በመጠኑ ይፈቀዳል። መጠኑን ግን ባለሙያ ይለካ፣ ራስዎ አይጨምሩ። የተሰነጠቀውን ክዳን በወንፊት ሽቦ ወይም በጨርቅ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ከእንቁላል እስከ ጉልምስ በእኛ ሙቀት አንድ ሳምንት ገደማ ሊበቃ ስለሚችል፣ ትንንሹን በርሜል በየሳምንቱ ደፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

እህት ከቀበሌ

ስታጥቡት ደግሞ ዝም ብሎ ማለቅለቅ አይበቃም። የኤደስ እንቁላል ከውሃው መስመር በላይ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በብሩሽ ይፈግፈግ።

የድሮ አሰብ

አሰብ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ? በሰማንያዎቹ በፈረንጅ፣ በውሃ ጉድጓዱና በገንዳው ትንንሽ ዓሣ ይለቀቅ ነበር፣ እጩን የሚበላ። ከዚያው ከአካባቢው የተያዘ ዓሣ ነው። ጋሽ ጡረተኛው ሰፊ ገንዳ ካላቸው ቢጠይቁ ምን አለበት?

ጡረተኛው ከከዚራ

ዓሣውን እጠይቃለሁ፣ ልጅ ልጆቼ ይወዱታል። እህቴ፣ ፈረቃችን ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሰኞ ገንዳው ዝቅ ስለሚል ብሩሹን ያን ቀን አደርገዋለሁ። ልጆቹ ከማክሰኞ በፊት ቢመጡ ግድግዳውን በደንብ ያዩታል። በሩ ክፍት ነው፤ ወረቀት ይዘው ይምጡ፣ ቁጥሩን እኔው ክዳኑ ላይ እለጥፈዋለሁ።