የመድን ባለሙያ ከጎንደር ወደ ውጭ ሲወጣ፦ ፈቃዱ፣ ፈተናው እና ሳይነሡ የሚያዙት ወረቀቶች

ጥያቄ፣ ከጎንደር

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ ባላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። እዚህ ፒያሳ አካባቢ ባለ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ የካሳ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ዲግሪዬ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ነው። ዲቪ ደርሶኝ በቅርቡ ወደ ቴክሳስ እመጣለሁ። በሙያዬ ለመቀጠል ምን ፈተና ይጠብቀኛል? እዚህ እያለሁ የምጀምረውስ ነገር አለ?

መልስ፣ ከዳላስ

እህታችን እንኳን ደስ ያለሽ። በመጀመሪያ ፈቃድንና የሙያ ማዕረግን ለይተሽ ያዢ። ያለ ፈቃድ ፖሊሲ፣ ማለትም የመድን ውል፣ መሸጥም ሆነ ካሳ መገመት አይቻልም። ማዕረግ ግን ለዕድገትና ለደመወዝ ይረዳል እንጂ ለመጀመሪያ ሥራ ማንም አይጠይቅሽም። ገና እንደመጡ ለማዕረግ ኮርስ ገንዘብ ከፍለው ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ፈቃዱ ይቅደም።

አገር ቤት ተቆጣጣሪው አንድ ብሔራዊ ባንክ ነው። አሜሪካ ግን እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ተቆጣጣሪና ደንብ አለው። ኒው ዮርክ የንብረትና የኃላፊነት መድን ለመሸጥ ከፈተና በፊት 90 ሰዓት ትምህርት ያስገድዳል። ፍሎሪዳ ለጠቅላላ መድን (ከሕይወት ሌላ ላለው) ወኪል የሚሰጠው ኮርስ 200 ሰዓት ነው። ቴክሳስ ለሽያጭ ወኪል የግዴታ ሰዓት የለውም፤ ተዘጋጅቶ በቀጥታ መፈተን ይቻላል። ለአንቺ ግን ከሽያጭ ይልቅ የአጀስተር፣ ማለትም የካሳ መርማሪና ገማች፣ ፈቃድ ይቀርብሻል። ቴክሳስ ላይ ወይ የግዛቱን ፈተና ታልፊያለሽ፣ ወይ የተፈቀደ የ40 ሰዓት ኮርስ ወስደሽ የኮርሱን የመጨረሻ ፈተና ታልፊያለሽ። ኮርሱን እመርጥልሻለሁ፤ የአሜሪካን ፖሊሲ አንቀጽ በአንቀጽ የምታነቢበት ጊዜ ይሰጥሻል። ከዚያ አሻራ፣ ማመልከቻና ክፍያ ይከተላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ እጅሽ ሳይገባ ማመልከቻውን አትጀምሪ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠበቅብሻል፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱ የሥነ ምግባር ነው።

ልምድ ያለው ሰው ፈተና ላይ የሚሳሳተው የአገር ቤቱን ስሌት ይዞ ሲገባ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። 400,000 ዶላር የሚያወጣ የንግድ ሕንፃ በ240,000 ዶላር መድን ተገብቶለታል፤ የ40,000 ዶላር ቃጠሎ ደረሰበት። መድኑ ከንብረቱ ዋጋ ሲያንስ ካሳው በዚያው መጠን በሚቀነስበት፣ በለመድሽው የአቬሬጅ ስሌት 240,000 ለ400,000 ይካፈላል፣ ካሳውም 24,000 ይሆናል። እዚህ ፖሊሲው የ80 በመቶ ኮኢንሹራንስ (ከንብረቱ ዋጋ ቢያንስ ይህን ያህል መድን የመግባት ግዴታ) ካለው መነሻው የ400,000 ሰማንያ በመቶ፣ ማለትም 320,000 ነው። 240,000 ለ320,000 ሲካፈል 75 በመቶ ይመጣል፤ ከ40,000ው 30,000 ማለት ነው። ተቀናሹ፣ ማለትም ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው፣ 1,000 ከሆነ የሚነሣው ከዚህ ላይ ስለሆነ የሚከፈለው 29,000 ነው። ተቀናሹን አስቀድሞ ከጉዳቱ ላይ የቀነሰ ሰው 29,250 ያገኛል፤ ያ ስሕተት መሆኑን ልብ በዪ። ቅደም ተከተሉን እስኪዋሃድሽ ድረስ በተለያየ ቁጥር ሥሪው።

የመኪናውም እንዲሁ ነው። አገር ቤት በአንድ ሙሉ ሽፋን የምናውቀው እዚህ ተከፋፍሎ ይሸጣል። ከመኪና ወይም ከግንብ ጋር መጋጨት በኮሊዥን ይሸፈናል፤ ስርቆት፣ እሳት፣ የበረዶ ውርጅብኝና አጋዘን መግጨት በኮምፕሪሄንሲቭ። አጋዘኑን ለማዳን መሪ አዙሮ ዛፍ የገጨ ሰው ግን ጉዳዩ ኮሊዥን ነው። ፖሊሲ ላይ 100/300/50 የሚል ካየሽ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው ጣሪያ በሺህ ዶላር ነው፤ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 100፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 300፣ ለንብረት 50።

መልስ፣ ከቶሮንቶ

እህቴ፣ የዳላሱ ወንድማችን ያለው ትክክል ነው። እኔ ጎንደር ሳለሽ መጨረስ ያለብሽን ልንገርሽ፤ ከወጣሽ በኋላ ሰው እየለመኑ ማስጨረስ በጣም ይከብዳል።

ዋናው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የተለመደው ደብዳቤ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝና የሥራ ግብር መከፈሉን ጽፎ ያበቃል። ይህ እዚህ ምንም አይነግራቸውም። በእንግሊዝኛ፣ በድርጅቱ አርማ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ሆኖ ምን ዓይነት ካሳ እንደሠራሽ ይዘርዝር፦ የሞተር፣ የእሳት፣ የጭነት። ከመተማ መስመር የሚመጣ ሰሊጥ ረጥቦ ሲበላሽ ፋይሉን የያዝሽ ከሆነ ይጻፍ፤ ጭነት የሚያውቅ ካሳ ሠራተኛ በቀላሉ አይገኝም። እስከ ስንት ብር በራስሽ ሥልጣን ትወስኚ እንደነበር፣ በቦታ ተገኝተሽ ጉዳት ትመረምሪ እንደነበርም ይካተት። የአለቃሽ የሥራ ኢሜይል አይቅር።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስጽፊ። በ1995 እንደ ፈረንጅ የተወለደ ሰው «ከ2009 ጀምሮ ሠርቷል» የሚል የእኛ አቆጣጠር ደብዳቤ ቢያቀርብ፣ አንባቢው በ14 ዓመቱ ሥራ እንደጀመረ ይቆጥርና ወረቀቱን ይጠራጠራል። የስምሽም ፊደል በፓስፖርት፣ በዲግሪና በልምድ ደብዳቤ አንድ ይሁን። የፈተና ጣቢያ ላይ በምዝገባውና በመታወቂያው መካከል ልዩነት ካለ አያስገቡሽም፤ ክፍያውም ይቀልጣል። ትራንስክሪፕትሽን ደግሞ የውጭ ዲግሪን የሚገመግሙት ድርጅቶች ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ስለሚፈልጉ ሬጅስትራር ሄደሽ አሠራሩን አሁን ጨርሺ፤ ክትትሉን የሚረከብሽ ዘመድም ወክለሽ ውጪ።

ወደ ኦንታሪዮ ለምትመጡ፦ የጠቅላላ መድን ደላላ ለመሆን የሪቦ (የኦንታሪዮ የመድን ደላሎች ተቆጣጣሪ) ፈተና አለ፣ ማለፊያው 75 በመቶ ነው፤ ፈተናውን አልፋችሁም ቢሆን የተመዘገበ የደላላ ድርጅት ካልቀጠራችሁ ፈቃዱ አይሰጥም። የሕይወት መድን ፈተና አራት ክፍል አለው፣ በእያንዳንዱ 60 በመቶ ያስፈልጋል። ሲአይፒ የሚባለው የካናዳ የመድን ሙያ ማዕረግ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፣ ከጎንደር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤውን ነገውኑ እጠይቃለሁ። የሎንዶኑን የመድን ሙያ ተቋም፣ የሲአይአይን ትምህርት ከዚህ ብጀምር ቴክሳስ ላይ ይጠቅመኛል?

መልስ፣ ከለንደን

ሲአይአይ በ1897 የተመሠረተ፣ በ1912 ንጉሣዊ ቻርተር ያገኘ ተቋም ነው። ሰርተፍኬቱ 40፣ ዲፕሎማው 120፣ ከፍተኛ ዲፕሎማው 290 ክሬዲት ይፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ተቆጣጣሪው ለድርጅቱ እንጂ ለእያንዳንዱ የመድን ሠራተኛ እንደ አሜሪካ ፈቃድ ስለማይሰጥ፣ ቀጣሪ የሚመዝንሽ በዚህ ክሬዲት ነው። ናይሮቢም ዱባይም ይታወቃል። ከቴክሳስ ፈተና ግን ነጻ አያወጣሽም። መሄድሽ የተቆረጠ ከሆነ ያንን ገንዘብ ኤአይኤንኤስ ለሚባለው የአሜሪካኖቹ የመጀመሪያ ደረጃ የመድን ማዕረግ አውዪው፤ ዳላስ ያለ ቀጣሪ ያውቀዋል፣ ኋላም ሲፒሲዩ ወደሚባለው ከፍተኛ ማዕረግ ለመግባት ጥሩ መሠረት ነው። ሲፒሲዩ ራሱ ስምንት ኮርስና የሥነ ምግባር ትምህርት ስላለው፣ ወጪውን ቀጣሪሽ እንዲሸፍን ሥራ ከያዝሽ በኋላ ጀምሪው።

የርቀት ፈተና ከጎንደር መውሰድ አደጋ አለው። ካሜራው ተከፍቶ ፈታኙ እያየሽ ነው የሚካሄደው፤ መብራት ወይም ኔትዎርክ መሐል ላይ ከተቋረጠ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ከቻልሽ አዲስ አበባ ሄደሽ አስተማማኝ መሥመር ያለው ዝግ ክፍል ያዢ። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልሽ፤ ምዝገባው ላይ ግን የአንቺ ስም መሆኑን አረጋግጪ።

መልስ፣ ከዳላስ

አንድ ነገር ልጨምር። እንደመጣሽ በቤተ ክርስቲያንም በማኅበርም «የመድን ሥራ አለ» የሚሉሽ ይኖራሉ። ገንዘብ አስቀድመሽ እንድትከፍዪ፣ የዘመድ ስልክ ዘርዝረሽ እንድትሰጪ ከጠየቁሽ የሕይወት መድን በኮሚሽን ብቻ የሚሸጥበት ቦታ ነው፤ ደመወዝ የለውም። ኮሚሽኑ በቅድሚያ ይከፈልና ደንበኛው በመጀመሪያው ዓመት አረቦኑን ካቋረጠ ተመልሶ ከአንቺ ይቆረጣል። ዘመድሽም ፖሊሲውን ያጣል፣ አንቺም ዕዳ ትገቢያለሽ። አንቺ ፈልጊ የምልሽ በኩባንያዎቹ ገጽ ላይ ክሌም ትሬኒ (የካሳ ሥራ ሠልጣኝ) ተብሎ የሚወጣውን ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ብዙዎቹም የፈቃዱን ወጪ ይሸፍናሉ። ያነጋገረሽን ሰው ደግሞ ስሙን በቴክሳስ የመድን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ፈልጊው፤ ፈቃድ ካለው በምን ዓይነት ሥራ እንደተሰጠው ተጽፎ ታገኚዋለሽ።