አስቸኳይ፦ መብራት ተመልሶ ሁለት ሰርቨሮች ቢነሡም ቨርቹዋል ማሽኖቹ አልሠራ አሉ

ሰገነት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሰርቨር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩትን፣ የሚያስተዳድር) እና ሴፍ (መረጃን በሰርቨሮቹ ዲስኮች ላይ በቅጂ የሚያስቀምጥ) በአንድነት የተጫነባቸው ሦስት ሰርቨሮች አሉን። ሌሊት መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ ሳይነሣ የዩፒኤሱ ባትሪ ስላለቀ ሦስቱም በድንገት ጠፉ። መብራት ሲመለስ ሁለቱ ተነሡ፤ ሦስተኛው ግን ጨርሶ ኃይል አያገኝም። በፕሮክስሞክስ ገጽ ላይ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው፣ ኮረምም (ሰርቨሮቹ በአንድነት ለመሥራት የሚበቃ ብዛት) አለ ይላል። ይሁን እንጂ ማንኛውንም ቨርቹዋል ማሽን ሳስነሣ ዊንዶውሱ መከፈት ይጀምርና በዚያው ይቆማል። ይህን ሥርዓት የገዛነው ከሦስቱ አንዱ ቢወድቅ ሥራ አይቋረጥም ተብለን ነው። የሒሳብ ክፍሉ ዛሬ ደመወዝ ማዘጋጀት አለበት። ሦስተኛውን ሰርቨር ከክላስተሩ (ከሦስቱ ሰርቨሮች ኅብረት) አስወጥቼ እንደ አዲስ ልጫነው?

ደጀን
በመጀመሪያ የሁለቱን ሰርቨሮች ሰዓት ያስተያዩ። የሴፍ ሞኒተሮች (የሥርዓቱን ሁኔታ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች) በመካከላቸው ከ0.05 ሰከንድ በላይ የሰዓት ልዩነት ሲኖር ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ልዩነቱ ከሰፋም መግባባት ያቅታቸዋል። ከዚያ ሁለቱንም እንደገና ያስነሡ።

ታዛቢ
የችግሩ ሥር ያለው ከምርጫው ነው። ስቶሬጅና ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲኖሩ አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ብሮድኮም በ2023 የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሠሪውን ቪኤምዌርን ከገዛ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች የፈቃድ ክፍያ ሸሽተው ወደ ፕሮክስሞክስ ተሻግረዋል፤ መሻገሩን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሴፍ የሚያስተዳድረው የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ሦስት ሰርቨር ዝቅተኛው ቁጥር ነው፤ አራተኛ ቢኖር ኖሮ የወደቀው ሰርቨር ቅጂ የሚታደስበት ቦታ ይገኝ ነበር። ለተለየ ስቶሬጅ በጀት ቢይዙ መልካም ነው።

ሞገድ
ሰገነት፣ ሦስተኛውን ሰርቨር በምንም ምክንያት ፎርማት እንዳያደርጉ። ዲስኮቹ የመረጃችሁን አንድ ሙሉ ቅጂ የያዙ ናቸው፤ ምናልባትም ዛሬ ከሁሉ የሚያስፈልጋችሁ እርሱ ነው። የሴፍን አጠቃላይ ሁኔታ ያውጡና ስንት ዲስክ እንደወደቀ፣ የቅጂው ቁጥር ስንት እንደሆነና ዲስኮቹ ምን ያህል እንደሞሉ ይጻፉልን።

ሰገነት
በእያንዳንዱ ሰርቨር 4፣ በጠቅላላው 12 ዲስክ አለ። ወድቀዋል የሚላቸው 5 ናቸው፦ አራቱ የሦስተኛው ሰርቨር ሲሆኑ አንዱ የሁለተኛው ነው። የቅጂው ቁጥር (እያንዳንዱ መረጃ የሚቀመጥበት ብዛት) 3፣ ዝቅተኛው (ሥራ እንዲፈቀድ መገኘት ያለበት) 2 ነው። ዲስኮቹ ወደ 60 በመቶ ሞልተዋል። ኢንአክቲቭ (የማይሠራ) የሚል የፕሌስመንት ግሩፕ (ሴፍ መረጃን የሚከፋፍልበት ክፍል) ማስጠንቀቂያም በቀይ ይታያል።

ፈጣን
ዝቅተኛውን ቅጂ ከ2 ወደ 1 ዝቅ ያድርጉት፤ ወዲያውኑ ይነሣል።

ናሁ
የተነገራችሁ ነገር ሐሰት አይደለም፤ አንድ ሰርቨር ቢወድቅ ሥራ አይቋረጥም። ዛሬ የወደቀው ግን አንድ ሰርቨርና አንድ ዲስክ ነው። ሥርዓቱ ተበላሽቶ ሳይሆን መረጃ እንዳይጠፋ ራሱን አግዶ ነው የቆመው።

ሞገድ
ናሁ ያለው ትክክል ነው። በሦስት ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ መረጃ በየሰርቨሩ አንድ አንድ ቅጂ አለው። ሦስተኛው ስለጠፋ፣ በሁለተኛው ላይ በወደቀው ዲስክ ውስጥ የነበረው መረጃ የቀረው በአንደኛው ሰርቨር ያለ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛው 2 ስለሆነም ሴፍ በዚያ ክፍል ላይ ማንበብም መጻፍም ይከለክላል። የታገደው ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ቢሆንም፣ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በ4 ሜጋባይት ቁርጥራጭ ተከፋፍሎ በሁሉም ክፍሎች ላይ ስለሚበተን አንዳቸውም ማሽኖች ከእገዳው አያመልጡም። ዊንዶውሱ መከፈት ጀምሮ የሚቆመውም ከታገደው ክፍል ማንበብ ሲያስፈልገው ነው።

ሴፍ የወደቀን ዲስክ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ከአገልግሎት አስወጥቶ ቅጂውን በሌላ ዲስክ ያድሳል። ነገር ግን በሥራ ላይ የቀሩት ዲስኮች ከ75 በመቶ በታች ሲሆኑ ማስወጣቱን ያቆማል፤ የእናንተ 12 ዲስኮች ከሦስተኛው ሰርቨር ጋር 4 ሲጎድሉባቸው ከዚያ መስመር በታች ይወርዳሉ። ስለዚህ የሁለተኛው ሰርቨር ዲስክ ሳይወጣ እዚያው የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ፈጣን
ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። ወደ 1 ዝቅ ያድርጉት አልኩ እኮ፤ ደመወዙ ይከፈል።

ሞገድ
ወንድሜ ፈጣን፣ ያ መንገድ ማሽኖቹን ያስነሣል፤ ነገር ግን ዛሬ የሚጻፈው የደመወዝ መረጃ ከፊሉ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ያም ዲስክ ትናንት ሌሊት በድንገት ከጠፉት አንዱ ነው። እርሱም ቢወድቅ የሚመለስ ነገር የለም። ሌላ መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ብቻ፣ ያውም ባክአፕ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚደረግ ነው።

እልፍ
አንድ ነገር ልጠይቅ። ሦስቱ ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ናቸው? እያንዳንዳቸውስ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አላቸው? እንደዚያ ከሆነ ከሚሠሩት ከአንዱ፣ ሰርቨሩን ሳያጠፉ፣ አንዱን ፓወር ሰፕላይ ነቅለው ለሦስተኛው ይስጡት። እኛ ጋር መብራት ሲመለስ በሚመጣው የኃይል ግፊት የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነበር።

ሰገነት
አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለት ሁለትም አላቸው። የሦስተኛው ሁለቱም መብራታቸው ጠፍቷል። አሁን ወደ ሰርቨር ክፍሉ እየወረድኩ ነው።

ሞገድ
የእልፍ ሐሳብ ከሁሉም ይቀድማል። ሲነቅሉ ከሁለተኛው ሰርቨር ይንቀሉ፤ የአንደኛውን እንዳይነኩ፣ ብቸኛው ቅጂ ያለው እርሱ ላይ ነው። የሚቀረው ፓወር ሰፕላይ አረንጓዴ ማብራቱንም አስቀድመው ያረጋግጡ። ሦስተኛው ከተነሣና አራቱ ዲስኮቹ ከገቡ ሁለት ቅጂ ስለሚኖር እገዳው ያለ ተጨማሪ ሥራ ይነሣል።

ካልተነሣ፣ በሁለተኛው ሰርቨር የወደቀውን ዲስክ አገልግሎት አንድ ጊዜ ለማስነሣት ይሞክሩ። የዲስክ ስሕተት ካሳየ ከሰርቨሩ ሳይነቅሉ በትእዛዝ ከሴፍ አገልግሎት ያስወጡት እንጂ በውስጡ ያለውን መረጃ አያጥፉ፤ ሴፍ ከዝቅተኛው በታች ባለ ቅጂም ማደስ ይችላል። አራት ዲስክ በ60 በመቶ የያዙት ለሦስት ሲከፈል ወደ 80 በመቶ ይደርሳል፤ ማስጠንቀቂያ ከሚጀምርበት 85 በታች ስለሆነ ቦታ አይጠብም፤ ይሁን እንጂ ድልድሉ እኩል ላይሆን ስለሚችል እድሳቱ ሲሄድ ዓይንዎን ከእርሱ አይንቀሉ።

ኢንአክቲቭ የሚለው ቁጥር ዜሮ ሳይገባ ቨርቹዋል ማሽን አይክፈቱ። ከዚያ አክቲቭ ዳይሬክተሪውን (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠረውን)፣ ቀጥሎ ዳታቤዙን፣ በመጨረሻ የሒሳብ ሶፍትዌሩን ያስነሡ። ዳታቤዙ እንደተነሣ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ፤ ባክአፑም ከክላስተሩ ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ይሁን።

ታዛቢ
ዲስኮቹ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ መረጃ የሚጠብቅ ካፓሲተር ያላቸው የሰርቨር ኤስኤስዲ ናቸው ወይስ ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ? ሰገነት፣ በላያቸው የተጻፈውን ሞዴል ቢልኩልን ቀጣዩ መብራት ከመጥፋቱ በፊት መልስ እንሰጥዎ ነበር።

እልፍ
ሰገነት፣ ተነሣ?